እማማ ዘሀራ ስድስተኛ ክፍል የገቡበት ዓመት

ባለፈው ሰኔ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ እየወረድኩ ነበር። አጥር በታጠረለት አንድ ግንባታ ውስጥ ሠራተኞች የተደረደረ ብሎኬት ላይ በጎማ ውሃ ያርከፈክፋሉ። ነፋሱ ሽታውን ወደ እኔ አመጣው። የረጠበ አፈር አይደለም፣ ሲሚንቶም ብቻ አይደለም፤ ዝናብ የነካው አመድ ዓይነት ነገር ነው። እግሬ ቀጥ አለ። ከኋላዬ የነበረች ሴት «ምን ሆንሽ፣ እለፊ እንጂ!» ብላ በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ አለፈች። እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኛለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ከፊቴ እማማ ዘሀራ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው አፍንጮ በር፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቴን አላውቀውም። እናቴ የቢሮ ጸሐፊ ስለነበረች ቤት የምትገባው ሊመሽ ሲል ነው። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነኝ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ እደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጎረቤታችን የእማማ ዘሀራ ነበር። እናቴ «አደራ» ብላ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም «አደራ በልቼ የት ልገባ» ብለው ተቀበሉኝ።

እማማ ዘሀራ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበሩ። ከወሎ ቆላ፣ ከአፋር ጠረፍ አካባቢ በወጣትነታቸው የመጡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከድልድዩ ግንብ ሥር ጆንያ አንጥፈው የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ይሸጣሉ። ድንጋዩን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከናዝሬት ወዲያ በጆንያ ያመጣላቸዋል። ግራጫ ነው፣ እንደ ዳቦ በቀዳዳ የተሞላ። እሳቸው በአሮጌ መጋዝ ይቆርጡታል። አዎ፣ በመጋዝ፤ ድንጋይ በመጋዝ ሲቆረጥ ያየሁት እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የተቆረጠውን ወስጄ የግቢው ሲሚንቶ ወለል ላይ በውሃ እየፈተግሁ ጠርዙን አለሰልሳለሁ፤ መዳፍ ውስጥ ልክ እንደ ሳሙና እስኪቀመጥ ድረስ። ከእጄ ሥር ወተት የመሰለ ግራጫ ውሃ ይወርዳል። በሳምንት ውስጥ የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ እንደ ብርጭቆ ለሰለሰ። ክፍል ውስጥ ደብተር ስገልጥ ወረቀቱ እምቢ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ኅዳር መግቢያ ላይ ይመስለኛል፣ ድንጋዩ ከእጄ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ልፈልገው እጄን ወደ ሳፋው ወለል ሰደድኩ። የለም። ቀና ስል ውሃው ላይ ቁጭ ብሏል።

«እማማ! እማማ! ድንጋዩ አልሰመጠም!»

«እንዴት ይስመጥ?» አሉ መጋዛቸውን ሳያቆሙ። «ውስጡ ትንፋሽ አለው።»

«የማን ትንፋሽ?»

«የተራራ።»

አፌን ከፍቼ ስቀር ሳቁና መጋዙን አስቀመጡ። «ሽሮ ሲንተከተክ አይተሽ የለ? አረፋ ይሠራል። ያ አረፋ ድንገት ቢደርቅ ቀዳዳው እንዳለ አይቀርም? የእኛም አገር ተራራ ይንተከተካል። ተንተክትኮ ሲገነፍል ይሄን ይተፋል።»

እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ መንገር ጣጣ አለው። በማግስቱ ጠዋት እንጦጦን ጉም ሸፍኖት አየሁ። ተራራው መተንፈስ ጀመረ! ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። «ጉም ነው፤ ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እንጦጦን ሆነ። ፍል ውሃ የሚባለው ቦታ ከመሬት የሞቀ ውሃ እንደሚወጣ ስሰማ ደግሞ ነገሩ ተገጣጠመልኝ፤ ድስቱ ከሥራችን ተጥዷል፣ ክዳኑ እንጦጦ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ነገር እሳተ ገሞራ እንደሚሉት ከመማሪያ መጽሐፋችን ማውጫ ላይ አገኘሁ። ገሞራን ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት አውቃታለሁ። ሰዶምና ገሞራ! ሰዎቿ ኃጢአት ስለሠሩ እሳትና ዲን የዘነበባት ከተማ ናት። እንግዲህ የእማማ ዘሀራ አገር የገሞራ ጎረቤት መሆን አለበት አልኩ። ሰዎቹ ምን አጥፍተው ይሆን? ለመጠየቅ ግን ፈራሁ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ታፈሰ ይባላል። ኅብረተሰብም የሚያስተምረን እሱ ነበር። ገና ወጣት ነው፤ በአፋችን እርስዎ እያልን በልባችን አንተ የምንለው። አንድ ዓርብ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለና በአንድ ወገን «የሚሰምጡ»፣ በሌላው «የሚንሳፈፉ» ብሎ ጻፈ። እንጨት ተንሳፈፈ፣ ቡሽ ተንሳፈፈ። ሚስማር ሰመጠ። «ድንጋይ» አለ አንዱ ተማሪ፤ ቲቸር ታፈሰም ከሚሰምጡት ጋር ጻፈው። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ሁሉም ድንጋይ አይሰምጥም። የእኛ ግቢ ድንጋይ ይንሳፈፋል።»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ኪሩቤል ምላሱ ሁልጊዜ የተሳለ ነው፤ «የእነሱ ግቢ ሰው ነው የሚሰምጠው!» አለ። ሳቁ በረታ።

«ፍሬሕይወት» አለኝ ቲቸር ታፈሰ፣ «ድንጋይ አይንሳፈፍም። አየሁ ካልሽ ግን አምጪውና እንየው። በሚቀጥለው ሐሙስ።»

ስድስት ቀን አለኝ። ዝም ብዬ አልጠበቅሁም። ከሠራኋቸው ሁሉ ቆንጆውን ድንጋይ መረጥኩና ልምምድ እንዲያደርግ ወሰንኩ። ዋናተኛ ትንፋሹን ውጦ ውሃ ሥር እየቆየ ነው የሚጠነክረው ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ድንጋዩን የዝናብ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ ከተትኩት፤ እንዳይወጣም አሮጌ የከሰል ካውያ ጫንኩበት። ለእማማ ዘሀራ አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ጠዋት ከበርሜሉ አውጥቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ከበድ ብሎኛል። ጠንክሯል ማለት ነው አልኩ።

ክፍል ውስጥ ባልዲ ቀረበ። ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ ከበበኝ። ድንጋዩን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ሕፃን አስተኝቼ ውሃው ላይ አስቀመጥኩት። ወረደ። ባልዲው ወለል ላይ «ዷ» ሲል ተሰማ።

«ዋናተኛው ሞተ!» አለ ኪሩቤል። «ነፍስ ይማር!»

ሳቁ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። ሳቁን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቲቸር ታፈሰም ፈገግ ማለቱን ነው።

«ዛሬ ደክሞት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ይሄን ባልል ይሻለኝ ነበር። «እማማ ዘሀራ አሳይተውኛል! ከተራራ የወጣ ነው!»

«አሮጊቷ ሸውዳሻለች» አለ ኪሩቤል። «ውሸታም አሮጊት!»

ድንጋዩን ላወጣና ልወረውርበት እጄን ባልዲው ውስጥ ስከት ባልዲው ተገለበጠ። ውሃው የቲቸር ታፈሰን ጫማ ሞላ፤ ወንበሩ ሥር ያስቀመጠውን የስም መጥሪያ መዝገብም አበሰበሰው። የጻፈው ቀለም ሁሉ ሲፈስ አየሁ። የቲቸር ታፈሰ ፈገግታ ጠፋ።

«ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ክፍል እንዳትገቢ።»

እያለቀስኩ ግቢ ገባሁ። እማማ ዘሀራ ሁሉንም ሰሙኝ። ድንጋዩን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ስንት ቀን ውሃ ውስጥ አቆየሽው?»

«ስድስት። ከላዩ ካውያ ጭኜበት።»

ሳቃቸው ፈነዳ። እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ትንፋሹን አስጨረስሽው እኮ! በየቀዳዳው የነበረው አየር ወጥቶ ውሃ ገባበት። ድንጋይም ጠጥቶ ጠጥቶ ይጠግባል ልጄ!» አሉኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ አዲስ አለቃ መጥቶባት ፈቃድ መጠየቅ እንደምትፈራ አውቃለሁ። «እማማ፣ እርስዎ ይምጡልኝ» አልኳቸው።

«እኔ? ትምህርት ቤት?» እጃቸውን አራገቡ። «ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ምን ብዬ እገባለሁ? ለእናትሽ እኔ እነግርልሻለሁ። ተይው።»

«እርስዎን እኮ ነው ውሸታም ያሉዎት!»

መጋዛቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። እኔም ወር ሙሉ ሲያሳክከኝ የቆየውን ጥያቄ አወጣሁት።

«እማማ፣ ተራራው የፈነዳው የእናንተ አገር ሰዎች ኃጢአት ሠርተው ነው?»

ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌላ ሰውስ አልሠራም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ ልጅ ነበሩ። እናታቸው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ላከቻቸው። ውሃው ሩቅ ነው፤ ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው። በሦስተኛው ጊዜ እንስራቸውን ከበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ «ይህ ቤት ይውደም!» ብለው ጮኹ። በሦስተኛው ቀን ተራራው ፈነዳ። ቤቱም ወደመ።

«ለእናቴ አልተናገርኩም። ላገባኝ ሰው አልተናገርኩም። ይኸው ሸበትኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ እያልኩ እኖራለሁ» አሉ። «ላንቺ ነገርኩሽ። አደራ።»

አደራዬን ጠበቅሁ። ግን ልዋሻችሁ አልችልም፤ ፈራሁ። በዚያን ቀን ከሰዓት የቀረውን ድንጋይ ሁሉ ከወትሮው አጥርቼ ፈተግሁ፣ ሳይልኩኝም ውሃ ቀዳሁ። እማማ ዘሀራ እንዳይቆጡ ነው። እንጦጦ ቅርብ ነዋ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እማማ ዘሀራ የግቢው በር ላይ ቆመዋል። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ አረንጓዴውን ሻርፕ ተከናንበዋል። ሳፋው በክንዳቸው ሥር ነው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ሳልዋሽ ውሸታም ተብዬስ አልቀርም። ነይ ምሪኝ።»

ከአፍንጮ በር እስከ አምስት ኪሎ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተራመዱ። እርምጃቸው ረጅም ስለሆነ እኔ እሮጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ቆም ብለው ትንፋሽ ወሰዱ፤ ጫማቸውን በክፍላችን በረንዳ ጠርዝ ላይ ጠረጉና ገቡ።

ቲቸር ታፈሰ ጠመኔ እንደያዘ ወደ በሩ መጣ። «እናቷ ነዎት?»

«ጎረቤቷ ነኝ። እናቷ ቢሮ ናት። ከቀትር በኋላ ያለችው ፍሬሕይወት የእኔ ናት» አሉ እማማ ዘሀራ። «መምህር፣ ስለ ደፋችው ውሃ ይቅር ይበሏት፤ መዝገብዎን ማበላሸቷ ጥፋት ነው። ስለ ድንጋዩ ግን አላጠፋችም። ውሃ ያስቀዱልኝ።»

ከክፍሉ ጥቂት ሳቅ ተሰማ። ቲቸር ታፈሰ ግን ፊታቸውን አየና መንገድ ለቀቀላቸው። ሁለት ልጆች ሮጠው ሳፋውን ሞሉት፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እማማ ዘሀራ ከሻርፓቸው እጥፋት ውስጥ አንድ ድንጋይ አወጡ። የሁለት ጡጫ ያህላል። ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ እኔ እንዳደረግሁት አላስተኙትም፤ ከትከሻቸው ቁመት ለቀቁት።

ውሃው ፊታችን ላይ ተረጨ። ድንጋዩ ጠለቀ። ልቤም አብሮት ጠለቀ። ከዚያ ብቅ አለ! ተሽከርክሮ፣ ተንገዋልሎ፣ ውሃው ላይ ቁጭ አለ።

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ኪሩቤል ዴስክ ላይ ወጥቶ «በሕይወት አለ! ዋናተኛው በሕይወት አለ!» እያለ ይጮሃል። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ምን ተፈጠረ ብላ በሩ ላይ መጣች። ቲቸር ታፈሰ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በአንድ ጣቱ ወደ ታች ደፈቀው፤ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ደፈቀው። የሸሚዙ እጅጌ ረጥቦ፣ ፊቱ እንደ እኛ የልጅ ፊት ሆነ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄደና ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ ተሳስቻለሁ» አለ። «ፍሬሕይወት ልክ ናት። ፍሬሕይወት፣ ይቅርታ።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ይቅርታ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። ጭብጨባው ሲጀምር የት እንደምገባ ጠፋኝ። ጀርባዬን አንድ ሰው መታ መታ አደረገኝ፤ ኪሩቤል ነበር። ወንበሬ ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

«እማማ፣ ከየት አወቁት?» ሲል ቲቸር ታፈሰ ጠየቃቸው።

«ከላዬ ላይ ሲዘንብ» አሉ።

ቲቸር ታፈሰ ወንበሩን አመጣላቸው። አልተቀመጡም፤ ቆመው ተናገሩ። መጀመሪያ መሬቱ እንዳንቀጠቀጣቸው፣ ፍየሎቹ አንበላም እንዳሉ፣ የጉድጓዱ ውሃ እንደ ክብሪት መሽተት እንደጀመረ። ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰምተው ሲወጡ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር። ከተራራው ጫፍ ጥቁር ጢስ እንደ ዋርካ ግንድ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ከላይ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ፀሐይን ሸፈናት።

«ቀትር ላይ ዶሮዎቻችን መሸ ብለው ማደሪያቸው ገቡ» አሉ። «ከዚያ አመድ ዘነበ። ሞቅ ያለ ነው። እናቴ እርጥብ ጨርቅ በአፍና በአፍንጫችን ላይ አሰረችልን። አመድ ምን ያደርጋል ብለን ነበር፤ ቀላል መስሎን። ጣራው ላይ ሲቆለል፣ ኋላም ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ከበደ። አባቴ ‹ውጡ!› ብሎ ጎትቶ አወጣን። ወዲያው ጣራው ገባ። ከብቶቻችን አመድ የለበሰውን ሣር እየበሉ አንድ በአንድ አለቁ። እሳቱስ እኛ ጋ አልደረሰም። አመዱ ብቻ በቃን።»

ቲቸር ታፈሰ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አጠፋውና ተራራ መሳል ጀመረ።

የመጀመሪያው እንደ ጋሻ የተንጣለለ ነው። «የዚህ ቅልጥ አለት ቀጭን ነው፤ እንደ ማር ይፈሳል። ኤርታሌ ከዚህ ወገን ነው። ሰው ከፊቱ በእግሩ ሊሸሽ ይችላል፤ ቤትና ማሳ ግን እግር የለውም።» ሁለተኛው ረጅም ሾጣጣ። «ዙቋላ ሲፈጠር እንዲህ ነበር። የዚህኛው ቅልጥ ወፍራም ነው፤ ጋዙ መውጫ ያጣና ይታመቃል፣ ይታመቃል፣ ከዚያ…» መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያጋጨው ሁላችንም ዘለልን። «አመዱ ሰማይ ይወጣል። የጋለው ጋዝና ትቢያ በተዳፋቱ ሲወርድ መኪና አያመልጠውም። አመዱ ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል ጭቃው መንደር ጠርጎ ይሄዳል።» ሦስተኛው ትንሽ ኮረብታ ነው፤ ወደ ደብረ ዘይት ሲኬድ ከመንገዱ ዳር የምናየው የቀይ ጠጠር ክምር። በአራተኛው ላይ ጫፉን በእጁ አጠፋው። «ይሄ ደግሞ ሆዱን ባዶ አድርጎ ከተፋ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ዝናብ ሲሞላው ሐይቅ ይሆናል፤ እንደ ወንጪ።»

ከዚያ ወደ እማማ ዘሀራ ዞረ። «የእርስዎ የትኛው ነው?»

እማማ ዘሀራ ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። አራቱንም አንድ በአንድ አዩ። ሁለተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ነው። ግን ጫፉን አሳስተኸዋል ልጄ። አፉ ወደ እኛ ያዘነበለ ነበር።»

ቲቸር ታፈሰ ጠመኔውን ዘረጋላቸው። አዩት። አዩኝ። ከዚያ በመጋዝ በጠነከሩት ጣቶቻቸው ይዘው፣ በቀስታ፣ ጠመኔው እየተንሿጠጠ፣ የተራራቸውን አፍ ሠሩ። ሁላችንም ደብተራችን ላይ አስተካከልን። እኔ በላጲስ አጥፍቼ የእሳቸውን ሳልኩ።

ሊሄዱ ሳፋቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። ድምፃቸው ሳሳ። «አንዲት የማውቃት ልጅ ነበረች። ተናድዳ፣ ወደ ተራራው ዞራ፣ ‹ይህ ቤት ይውደም› አለች። በሦስተኛው ቀን ፈነዳ። እንዲህ ያለው ነገር… በሰው አፍ ይመጣል?»

ወደ ደብተሬ አቀረቀርኩ። አደራ አለብኝ፤ ዓይኔ እንዳያወጣው ፈራሁ።

ቲቸር ታፈሰ ጠመኔውን አነሳ። ሰሌዳው ላይ ከሾጣጣው ተራራ ሥር ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ድረስ መስመር አሰመረ።

«እማማ፣ ቅልጡ ከዚህ ጥልቀት ነው የሚነሳው። እዚያ ምድሪቱ ራሷ ለሁለት እየተሰነጠቀች ነው፤ እሳቱ በስንጥቁ ይወጣል። ቅልጡ እስኪጠራቀም ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጃል። ያች ልጅ ሳትወለድ፣ እናቷ ሳትወለድ፣ የአያቷ አያት ሳትወለድ ነው መንተክተክ የጀመረው።»

«ሳትወለድ?»

«ሳትወለድ። ያኔ ዝም ብትልም ይፈነዳ ነበር። ብትመርቀውም ይፈነዳ ነበር። ያችን ልጅ ካገኟት ይንገሩልኝ።»

እማማ ዘሀራ ረጅም ጊዜ መስመሩን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ረጅም ቁመታቸው ክፍሉን ሞላው።

«እነግራታለሁ» አሉ።

እናቴ ስለ ባልዲውና ስለ መዝገቡ የሰማችው ማታ ነው። ልትቆጣኝ አፏን ከፈተችና በሳቅ ጨረሰችው፤ በኋላም ለቢሮ ጓደኞቿ ስትተርክ ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን እሷ አላየችም።

ደወሉ ተደውሎ ስወጣ እማማ ዘሀራ በሩ ላይ ጠብቀውኛል። ወደ ቤት ልታጠፍ ስል ክንዴን ያዙኝ። «በዚያ አይደለም። ነይ።» በአራት ኪሎ አድርገን ወደ ፒያሳ ወጣን። አሁን እየሮጡ ያሉት እግሮች የእሳቸው አይመስሉም፤ ያገኙትን ሁሉ «እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋልሽ» ይላሉ። አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ቆሙ። በዚህ መንገድ ዕድሜ ልካቸውን ተመላልሰዋል፤ ገብተው ግን አያውቁም። ገቡ። ሳፋቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ለእኔ ማኪያቶ። ለዚች ትልቁን ኬክ።»

አጠገባችን የቆመ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሳፋውን ከላይ እስከ ታች አየው። «እማማ፣ ሳፋ ይዘው ከየት ነው?»

«ከትምህርት ቤት።»

«ተማሪ ነዎት?» አለ እየሳቀ።

«አስተማሪ።»

«አሃ! ምን ያስተምራሉ?»

«ተራራ» አሉ እማማ ዘሀራ።

ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። እሳቸውም ማኪያቷቸውን ፉት አሉና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሦስት ጊዜ ውሃ መላካቸውን፣ እንስራውን ማስቀመጣቸውን። እኔ ኬኬን ትቼ አፋቸውን እጠብቃለሁ። «ወደ ተራራው ዞርኩና» አሉ፣ «‹ይህ ቤት ይውደም!› ብዬ ጮህኩ። እኔው ራሴ! እንዲህ ያልኩ ባለጌ ልጅ ነበርኩ!» ጭናቸውን መትተው ሳቁ፤ ሰዎቹም አብረው ሳቁ። ኅሊናቸውን ስንት ዘመን ያስጨነቀው ነገር ከማኪያቶ አረፋ በላይ አልከበደም። ፍየሎቹን ተረኩ፣ ዋርካ የመሰለውን ጢስ በሁለት እጃቸው ኬክ ቤቱ ጣራ ድረስ ዘረጉት፣ ጣራው ሲገባ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። ማኪያቶ የምትሠራው ልጅ ማሽኗን ዘግታ ቆማለች። ባለ ከረባቱ ስኒውን ከአየር ላይ ማውረድ ረስቷል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ። «ከዚያስ ምን ሆናችሁ?»

«ከዚያማ ሮጥን!» አሉ እማማ ዘሀራ፣ ሻርፓቸውን ወደ ትከሻቸው እየወረወሩ። «ሮጠን፣ ሮጠን፣ ይኸው ፒያሳ ደረስን!»